በ13 ቁልፍ የማይፈታው ብሎን

ሰበታ ያለው ጋራዣችን አንዲት ትንሽ የጓሮ ትራክተር በአይሱዙ ተጭና መጣች። የድሮ የአሜሪካ ሥሪት ናት። ባለቤቱ አትክልት ቦታው ጥግ አቁሟት የስንት ክረምት ዝናብ ወርዶባታል። «ሞተሯ ደህና ነው፣ ብሎኑ ብቻ አልፈታ አለኝ» አለ።

ጭስ ማውጫዋን ከሞተሩ ጋር የያዘውን ብሎን አየሁት። ጭንቅላቱ ተልጦ ክብ ሊሆን ምንም አልቀረው። ይሄ የዝገት ሥራ አይደለም፣ የቁልፍ ነው። የእነዚህ ማሽኖች ብሎን በኢንች ነው። የዚህኛው ጭንቅላት ግማሽ ኢንች፣ ማለትም 12.7 ሚሊ ነው፤ 13 ቁልፍ ሰተት ብሎ ይገባበታል። ጉዱም እሱ ነው። ጉልበት ሲያርፍበት ጥጉን እየላጠ ይዞራል።

ተለማማጁ ልጅ ረጅም ቱቦ ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ቁልፉ ላይ ልሰካው?»

«ሰክተህ አንገቱን ልትበጥሰው? ግማሹ ውስጥ ሲቀር አንተ ታወጣዋለህ!» አሉት ዋናው መካኒካችን።

በሽቦ ብሩሽ አጸዱት፣ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ነፉበትና አሳደሩት። በነጋታው ሳልባትዮውን (የነዳጅ ታንኩን) አውርደው ራቅ አድርገው አስቀመጡ፤ እሳት ሊመጣ ነዋ። ብሎኑን ሳይሆን ዙሪያውን ያለውን ብረት አሞቁ። ቀዳዳው ሰፋ እንዲል ነው። ከዚያ ጧፍ አስነኩት። ሻማም ይሆናል። ሰሙ ቀልጦ ወደ ፊሌቶው፣ ወደ ብሎኑ ጥርስ፣ ሲሰርግ በዓይን ይታያል።

የተላጠውን ጭንቅላት በሞረድ አስተካክለው 12 ቁልፍ በመዶሻ መትተው አስገቡበት። ልጁ ወደ መፍቻው ሊስብ ሲል እጁን ያዙት። «መጀመሪያ ትንሽ አጥብቀው።» ጢጥ አለ። ትንሽ ወደዚህ፣ ትንሽ ወደዚያ፣ እንደገና ዘይት። ቡናማ ዱቄት እያራገፈ ወጣ።

ባለቤቱ በመሃል ደውሎ «ለአንድ ብሎን ነው ይሄ ሁሉ?» ብሎ ጠይቆን ነበር። የተበጠሰ ብሎን በትራፓኖ በስቶ ማውጣት ምን እንደሚያስከፍል ስንነግረው ዝም አለ።

ልጁ አዲስ ብሎን ሊገዛ ሶማሌ ተራ ተላከ። አሮጌውን ኪሱ ከተቱለት። «ውፍረቱ ስምንት ሚሊ የሆነ ቢሰጡህ እንዳትቀበል። ሁለት ሦስት ዙር በእጅ ይገባና ይነክሳል፣ ፊሌቶውንም ይበላዋል። በኢንች በላቸው።»