ማይክ ያለበት ክፍል ውስጥ የገባው ኮምፒውተር

ብዙ ሰው በውሃ የሚቀዘቅዝ ኮምፒውተር ድምፅ የለውም ብሎ ያምናል። ውሃ ግን ሙቀትን አያጠፋም፤ ከአንድ ቦታ አንስቶ ሌላ ቦታ ያደርሰዋል እንጂ። የደረሰውን ሙቀት መጨረሻ ላይ የሚቀበለው አየር ነው፤ አየሩን የሚያንቀሳቅሰው ደግሞ ያው ፋን ነው። በዚያ ላይ ፓምፕ ይጨመራል። ሳይታሰብበት የተገጠመ የውሃ ማቀዝቀዣ ከተራው ፋን ብሶ ሲጮህ ሰምቻለሁ።

እኛ አዲስ አበባ ውስጥ ኮምፒውተር እንጠግናለን፣ እንገጣጥማለን። አንዲት ደንበኛችን ገርጂ አካባቢ ትንሽ የድምፅ መቅጃ ስቱዲዮ አላቸው። ማስታወቂያና ትረካ ይቀዳሉ፣ ቪዲዮም ያቀናብራሉ። ክፍሉ አንድ ነው። ማይኩም፣ ኮምፒውተሩም፣ እሳቸውም እዚያው ናቸው።

"ልጄ፣ በውሃ አድርጉልኝና ዝም ይበልልኝ" አሉኝ። "ትረካው መሀል ሽሽሽ የሚል ነገር እየገባ አስቸገረኝ።"

አለቃችንን ጋሼ ነው የምንላቸው። ዕቃ ከማዘዛችን በፊት ሄደን እንድናዳምጥ ነገሩን። እኔና አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ሄድን። በሩን ዘግተን፣ ማይኩን ከፍተን፣ ሄድፎን አድርገን በክፍሉ ያለውን ዕቃ አንድ በአንድ አጠፋን። መጀመሪያ የተያዘው ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ሃርድ ዲስክ ነበር። ንዝረቱ በጠረጴዛው እንጨት አልፎ ወደ ማይኩ መቆሚያ ይሄዳል። ቀጥሎ ከጠረጴዛው ሥር ያለው ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጠው ባትሪ፤ የራሱ ፋን አለው። የባሰው ግን የግራፊክስ ካርዱ ፋን ነው። ይነሳል፣ ይቆማል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይነሳል።

ይህ የሚነሳና የሚቆም ነገር ለድምፅ ሰው መከራ ነው። አንድ ወጥ ሆኖ የሚቀጥልን ሹክሹክታ ሶፍትዌሩ ናሙናውን ወስዶ ከጀርባ ማጽዳት ይችላል። ከፍና ዝቅ የሚለውን ግን ሲያጸዳው የሰውዬውን ድምፅም አብሮ ይላጨዋል። ስለዚህ የምንፈልገው ዝቅተኛ ድምፅ ብቻ አልነበረም። የማይለዋወጥ ድምፅ ነው።

በእኔ እምነት ከሁሉ የሚረክሰው መፍትሔ ኮምፒውተሩን ከግድግዳው ጀርባ ማውጣትና ገመዱን ማስረዘም ነው። ይህንኑ ነገርኳቸው። "የኪራይ ቤት እኮ ነው፤ አከራዬ ግድግዳ አያስበሳኝም" አሉ። ነገሩ ያኔ ተዘጋ። ወደ ውሃው ተመለስን።

ጋሼ ወረቀት አውጥተው መጀመሪያ የጻፉት ጥያቄ "ማይኩ ሲከፈት ማሽኑ ምን ይሠራል?" የሚል ነበር። መልሱ ቀላል ነው። ምንም። ድምፅ ሲቀዳ ፕሮሰሰሩ አይደክምም፤ ግራፊክስ ካርዱም እንደዚያው። ማሽኑ የሚግለው ያቀናበሩትን ቪዲዮ አጠናቅቆ ሲያወጣ ነው፤ ያኔ ደግሞ ማይኩ ዝግ ነው። ይህች አንዲት ጥያቄ ዕቅዱን ግማሽ በግማሽ አቀለለችው። ማሽኑ በሥራ ሲወጠር ትንሽ ቢሰማ ግድ የለንም። ሲያርፍ ግን ከክፍሉ ጸጥታ በታች መውረድ አለበት።

ከዚያ ሒሳቡ መጣ። ፕሮሰሰሩ ራይዘን 9 5950ኤክስ ነው። ካርቶኑ ላይ 105 ዋት ቢልም ሙሉ ጉልበቱን ሲያወጣ እስከ 142 ዋት ይስባል። ግራፊክስ ካርዱ አርቲኤክስ 4070 ነው፤ 200 ዋት። ድምሩ 342። በዚህ ሥራ የቆዩ ሰዎች ፋኑ በዝግታ እንዲዞር ከተፈለገ ለየ100 ዋቱ አንድ ባለ 120 ሚሊሜትር ፋን የሚሸፍነው የራዲያተር (የውሃው ሙቀት ወደ አየር የሚወጣበት ዕቃ) ስፋት ያስፈልጋል ይላሉ። በዚህ ሒሳብ ወደ ሦስት ተኩል ይመጣል፤ አራት ይበቃል ማለት ነው።

ጋሼ ግን አራቱን ሰርዘው አምስት ጻፉ። "ያ ቁጥር የተጻፈው ባሕር ዳርቻ ለሚኖር ሰው ነው" አሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ አየሩ የሳሳ ነው፤ የዚያው መጠን አየር ክብደት ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። አንድ ፋን በተመሳሳይ ፍጥነት ሲዞር የሚሸከመው ሙቀትም በዚያው ልክ ያንሳል። ውሃው ከፍታውን አያውቀውም፤ ራዲያተሩ ግን ያውቀዋል። ውጭ አገር የተሠራ ቪዲዮ አይቶ ዕቃ የሚያዝ የአገራችን ሰው ይህንን ቢያስብበት ደስ ይለኛል። ሦስት ፋን የሚይዝ ባለ 360 ሚሊሜትር ራዲያተር አንድ፣ ሁለት የሚይዝ ባለ 240 አንድ አደረግነው። አምስት ፋን ማለት ነው።

ደንበኛችን አምስት ፋን ሲሰሙ ደነገጡ። "ፋን ቀንሱልኝ ብዬ አምስት?" አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ጆሮ ሲሰማው ግራ ያጋባል። የአንድን ፋን ፍጥነት በግማሽ ሲቀንሱት ድምፁ በ15 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል። አምስት አንድ ዓይነት ፋኖች አብረው ሲዞሩ ደግሞ ከአንዱ በላይ የሚጨምሩት 7 ዴሲቤል ብቻ ነው። አንዱ በ1,200 ዙር ከሚጮህ አምስቱ በ600 ቢዞሩ ድምፁም ያንሳል፣ የሚገፉት አየርም ይበልጣል። ውሃ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ፕሮሰሰሩ ላይ አምስት ፋን መደርደር አይቻልም። ውሃው ሙቀቱን ሰፊ ቦታ ወዳለበት ያደርሰዋል፣ እዚያ ትልልቅ ፋኖች በቀስታ ይሠሩበታል።

ፓምፑንም በሩጫ ማሠራት አያስፈልግም። በደቂቃ 3 ሊትር እንኳ ቢዞር 342 ዋቱ ውሃውን በአንድ ዙር የሚያሞቀው ከ2 ዲግሪ በታች ነው። የመረጥነው ዲ5 የሚባለውን ፓምፕ ነው። ከኋላው ከ1 እስከ 5 የሚል መቆጣጠሪያ አለው፤ እኛ 2 ላይ አደረግነው። ከሥሩ ወፍራም ስፖንጅ ገባለት። ፓምፕ በራሱ ብዙ አይጮህም፤ ቆርቆሮው ላይ ከተጠበቀ ግን ኬዙን በሙሉ ያስጮኸዋል።

የፋኖቹን ፍጥነት ደግሞ ከፕሮሰሰሩ ሙቀት ጋር አላገናኘነውም። ፕሮሰሰር አንድ ገጽ ሲከፈት እንኳ በሰከንድ ውስጥ 15 ዲግሪ ዘሎ ይመለሳል፤ ፋኑም ተከትሎት ይነሳል፣ ይወድቃል። የውሃው ሙቀት ግን ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ቱቦው መሀል ትንሽ የሙቀት መለኪያ አስገብተን ፋኖቹ እሷን ብቻ እንዲሰሙ አደረግን። ውሃው 35 ዲግሪ እስኪደርስ ድረስ ፍጥነታቸው አይነቃነቅም።

ዕቃው እንደምታውቁት በሻንጣ ነው የሚመጣው። የደንበኛችን የእህት ልጅ ዱባይ ይሠራል፤ እሱ ነው የገዛው። አንድ ቀን ረከሰ ብሎ የራዲያተር ፎቶ ላከልን። ስናጣራ አሉሚኒየም ነው። የኛ ብሎኮች፣ ማለትም ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ ላይ ተቀምጠው ሙቀቱን ለውሃው የሚሰጡት፣ መዳብ ናቸው። ሁለቱ ብረቶች አንድ ውሃ ውስጥ ሲገናኙ አሉሚኒየሙ ይበላል፤ የተበላው ደግሞ ተንሳፍፎ ሄዶ ብሎኩ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን መስመሮች ይደፍናል። ሌላ ሰው የሠራውን እንዲህ ያለ ማሽን ከፍተን እናውቃለን። ብሎኩ ውስጥ ከጥፍር የሳሱ ክንፎች አሉ፤ በመካከላቸው እንደ እርጎ የረጋ ግራጫ ነገር ተቀምጦ ነበር። በጥርስ ብሩሽ ስናወጣው ብዙ ቆየን። ስለዚህ ባለመዳቡን እንዲፈልግ ለልጁ ነገርነው፤ ሳያጉረመርም ፈለገልን።

ጋሼ ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ጨመሩ፦ "ትርፍ ጎሚኒ፣ አንድ ከረጢት። ትርፍ ፊቲንግ፣ ሁለት።" ፊቲንግ ቱቦው ከዕቃው ጋር የሚገጠምበት ባለ ክር መጋጠሚያ ነው፤ ጎሚኒ የምንለው ደግሞ ሥሩ የሚገባውን ጥቁሩን የጎማ ቀለበት ነው። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ሁሉም ፊቲንግ ጎሚኒውን ይዞ ስለሚመጣ ለምን እንደሚያስፈልግ ጠየቀ። ጋሼ "አይከብድም፣ ይምጣ" ብለው አለፉት።

ገጠመኙ የመጣው ተገጥሞ ካለቀ በኋላ ነው። ውሃ ከመሙላታችን በፊት ሁልጊዜ በአየር እንፈትሻለን። ጌጅ፣ የግፊት መለኪያ፣ ያላት ትንሽ የእጅ ፓምፕ አለችን። ቱቦውን በሙሉ በ0.5 ባር አየር እንሞላና መርፌዋ ትወርድ እንደሆነ እናያለን። ግማሽ ሰዓት ከቆመች ደኅና ነው።

መርፌዋ ወረደች። ቀስ ብላ፣ ዓይን በማይዘው ፍጥነት። ግማሽ ሰዓቱ ሲያልቅ 0.4 ላይ ነበረች።

ቀኑ መሽቷል። ደንበኛችን ማሽኑን ሊወስዱ መጥተው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። "ልጄ፣ ነገ ጠዋት ባለሙያ ቀጥሬ ትረካ አለብኝ" አሉ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ መርፌዋን መታ መታ አደረጋትና "ጌጇ ናት። ወይም ክፍሉ ስለቀዘቀዘ ነው፤ አየር ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይወርዳል" አለ።

የተናገረው ፊዚክሱ ልክ ነው። ጋሼ ግን እስክሪብቶ አነሱ። የውጩ አየር ግፊት እዚህ 0.76 ባር ገደማ ነው፣ ከኛ 0.5 ጋር 1.26 ይሆናል። ክፍሉ በ1 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ መርፌዋን የሚያወርዳት 0.004 ባር ብቻ ነው። 0.1 ለመውረድ ክፍሉ ከ20 ዲግሪ በላይ መቀዝቀዝ ነበረበት። "ጃኬት እንኳ አልደረብንም" አሉ። ወደ ደንበኛችን ዞረው "እትዬ፣ ይህ ማሽን ዛሬ አይወጣም። የነገውን ቀጠሮ ያዛውሩ" አሏቸው። ሴትዮዋ ተከፉ፤ ስልካቸውን ይዘው ወደ ውጭ ወጡ። እምቢ የተባሉት ደንበኛችን ናቸው፣ ገንዘቡም የእሳቸው ነው፤ ዝም ብሎ መሙላት ለጊዜው ሁሉንም ያስደስት ነበር። ጋሼን በጣም ያከበርኳቸው ያኔ ነው።

መስመሩን ከፋፈልነው። ራዲያተሮቹን ለብቻ ደፍነን ሞላን፤ መርፌዋ ቆመች። ፓምፑንና ውሃ የሚጠራቀምበትን ታንከር ሞላን፤ ቆመች። የፕሮሰሰሩን ብሎክ፣ ቆመች። የግራፊክስ ካርዱ ላይ ስንደርስ ወረደች። ፊቲንጉን ስንፈታው ጎሚኒው ከመቀመጫው ወጥቶ ክሩ ነክሶታል። በአንድ በኩል ጠፍጥፎ የተቆረጠች ትንሽ ቦታ አለችው፤ በመብራት ካላዞሩት አትታይም። ፊቲንጉ በእጅ ጠበቅ ብሎ ሲደርስ መቆም አለበት፤ ቁልፍ ሲጨመርበት ጎሚኒው የሚሸሽበት ቦታ ያጣል።

ያቺ ፊቲንግ ያለችው ለማሽኑ ኤሌክትሪክ ከሚሰጠው ፓወር ሰፕላይ በላይ ነው። ውሃ ሞልተን ቢሆን ኖሮ ሌሊቱን ጠብ ጠብ የሚለው እሱ ላይ ነበር። ያ ከረጢት ባይመጣ ደግሞ ለአንድ የጎማ ቀለበት ከዱባይ የሚመጣ ሰው እስኪገኝ እንጠብቅ ነበር። አዲሱን ጎሚኒ ትንሽ ውሃ ቀብተን በእጅ ብቻ ገጠምነው። መርፌዋ 0.5 ላይ አደረች።

በማግስቱ ሞላነው። የሞላነው በባትሪ ውሃ ነው፤ መኪና ዕቃ መሸጫ የሚገኘው፣ ማዕድኑ የወጣለት። እዚያው መደርደሪያ ላይ የባትሪ አሲድም ስለሚሸጥ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ ማንበብ ግድ ነው። የቧንቧና የታሸገ ውሃ ማዕድን አላቸው፤ ለዚህ አይሆኑም። ዝገትና አልጌ የሚከላከል ፈሳሽ ቀላቀልንበት። ሲሞላ የምናስነሳው ፓምፑን ብቻ ነው፤ ማዘርቦርዱ ኃይል አያገኝም። ፓምፑ ያለ ውሃ ከዞረ ይበላሻል፤ የሚያለሰልሰው ራሱ ውሃው ነው። በየመጋጠሚያው ሥር ሶፍት አንጥፈን፣ ኬዙን ወዲህና ወዲያ እያጋደልን አረፋውን አስወጣን። ሶፍቱ ደረቅ ሆኖ ዋለ።

ስቱዲዮው ውስጥ ስናስቀምጠው ደንበኛችን ማይኩን ከፍተው ሄድፎኑን አደረጉና ቆዩ። "አሁንም አንድ ነገር አለ" አሉ። ዩፒኤሱ ነበር። ወደ ኮሪደር አወጣነው፤ ለገመዱ የበሩ ሥር በቃ። ሃርድ ዲስኩም የሚሽከረከር ነገር በሌለው ኤስኤስዲ ተተካ። ቪዲዮ በሚያወጡበት ሰዓት ግን በሩ ክፍት መሆን አለበት፤ 342 ዋቱ አሁንም የሚወጣው እዚያችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ይህን ስነግራቸው "ማታ ማታ አደርገዋለሁ" አሉ።

ውሃውን በየዓመቱ እንድንቀይርላቸው ተስማምተናል። ከኬዙ ታች ጥግ ላይ የማፍሰሻ ቧንቧ ያስገባነው ለዚሁ ነው። እሱ ባይኖር ውሃውን ለማውጣት ከግራፊክስ ካርዱ በላይ ያለውን ቱቦ መፍታት ይጠበቅብን ነበር።