ትራስና መከዳ

የስፔንን ታሪክና ባህል ልማር ግራናዳ ስገባ ስለ አገሩ የማውቀው ሪያል ማድሪድንና ባርሳን ብቻ ነበር። ቋንቋው ፍዳዬን አሳየኝ። አንድ ቀን መምህራችን ከአረብኛ የመጡ ቃላትን ሰሌዳው ላይ ጻፈች። አሱካር፣ አሴይቴ፣ አሮስ። ስኳር፣ ዘይት፣ ሩዝ! ሳላስበው ሳቄ አመለጠኝ፤ ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ትራስን ደግሞ አልሞአዳ ይሉታል። እሱንም ደጋግሜ ስለው የአያቴ ሳሎን መከዳ ትዝ አለኝ።

ታሪኩ ግን አያስቅም። በስፔን የመጨረሻው የሙስሊም ንጉሥ ግራናዳን ያስረከበው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጥር 2 ቀን 1492 ነው። ሦስት ወር ሳይሞላ እዚሁ አልሃምብራ ቤተ መንግሥት ውስጥ አይሁዶች አገር እንዲለቁ ታወጀ። ከ1609 ጀምሮ ደግሞ ክርስትና የተነሱት የሙስሊሞቹ ልጆች ሳይቀሩ ተባረሩ። ዘይቱና ስኳሩ ቀሩ።

ሌላው ፈተናዬ ታፓስ ነው። እዚህ ከተማ መጠጥ ስታዝዙ ምግቡ በነፃ ይመጣል (ለተማሪ ኪስ ግሩም ነው)። ባለፈው ረቡዕ የመጣልኝ ግን የአሳማ ሥጋ ነበር። ጾሙ ይቅርና በፍስኩም አልነካው። አጠገቡ ያለችውን ወይራ ለቅሜ ወጣሁ።