«በሞቴ፣ አንዲት ብቻ»

ወንድሜ መጠጥ ካቆመ 7 ወሩ ነው። ይህን ስጽፍ ያውቃል። ስጠይቀው «ጻፊው፣ ስሜን ብቻ ተዪው» አለኝ።

ስለ ሱስ ሲወራ ሁሌ የምንሰማው ስለ ጠጪው ነው። ስለ ጠባዩ፣ ስለ ድክመቱ፣ ደሞዙን የት እንዳደረሰው። እኔ ዛሬ መጻፍ የምፈልገው ስለ እኛ ነው። ስለምንቀዳው፣ ስለምንጋብዘው፣ «በሞቴ» እያልን ሰው አፍ ውስጥ ስለምንጨምረው።

የካዛንቺስ ልጆች ነን። ወንድሜ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነው፣ እጁ የተባረከ። ከሥራ ሲወጣ የሚገባባት አንዲት አረቄ ቤት ነበረች። ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል። መጀመሪያ ሁለት መለኪያ ነበር። ከዚያ አራት ሆነ። ከዚያ በኋላ የቆጠረ የለም። በ2017 ካዛንቺስ ሲፈርስ እማዬ እያለቀሰች ዕቃ ታስር ነበር፣ ግን መሀል ላይ ቀና ብላ «ቢያንስ ያቺ ቤት አብራ ፈረሰች» አለችኝ። ቀበና ተከራይተን ገባን። ሳምንት ሳይሞላው ወንድሜ ሌላ ቤት አገኘ።

ጠዋት ጠዋት እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። የእሱ ሥራ ቀጫጭን ሽቦ ይዞ መዋል ነው። ስለዚህ ጋራዥ ከመግባቱ በፊት አንድ መለኪያ ይጠጣል፣ እጁ ይረጋል፣ ሥራውን ይጀምራል። ሰው ሲያየው በጠዋት የሚጠጣ ሰካራም ነው። እሱ ግን እንጀራውን ለመብላት ነበር የሚጠጣው። ይህን የተረዳሁት በጣም ዘግይቼ ነው።

ሰኔ 2017 ላይ በራሱ ጊዜ «በቃኝ» አለ። ማንም አልገፋውም። ቤታችን ሠርግ ቤት መሰለ። በማግስቱ ላብ በላብ ሆነ። ምግብ እምቢ አለ። ሻይ ሳቀብለው ሲኒው ከማስቀመጫው ጋር እየተጋጨ ይንቃጨላል፣ ያ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ወደ አፉ ሳያደርሰው ግማሹ ብርድ ልብሱ ላይ ፈሰሰ። በሦስተኛው ሌሊት ደግሞ ከዚያው ብርድ ልብስ ላይ ጉንዳን መልቀም ጀመረ። ጉንዳን የለም። በሁለት ጣቱ አንድ በአንድ እያነሳ መሬት ላይ ይጥላል፣ አልፎ አልፎም «ተጠንቀቂ፣ ወደ አንቺ እየመጣ ነው» ይለኛል።

እማዬ «ይህ መንፈስ ነው፣ ሲነጋ ጸበል እንውሰደው» አለች። ጸበልን አልነቅፍም፣ እኛ ቤት ያለ ጸበል የታለፈ በሽታ የለም። ግን እግዜር ሲረዳን አንዲት ነርስ ጎረቤት አለችን፣ በሌሊት ልብስ መጥታ አየችውና «ሲነጋ አይባልም፣ አሁኑኑ ሆስፒታል» አለች። ታክሲ ጠርተን ሄድን።

ተረኛው ሐኪም ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቀንና በመኪና አስረዳን። አልኮል ለአንጎል እንደ ፍሬን ነው አለ። ለዓመታት በየቀኑ ፍሬን ሲያዝበት አንጎል ሥራውን ለመሥራት ነዳጁን አጥብቆ መርገጥ ይለምዳል። ፍሬኑ በአንድ ቀን ሲነሳ ነዳጁ እንደተረገጠ ይቀራል። ላቡም፣ መንቀጥቀጡም፣ የሌለ ነገር ማየቱም ከዚያ ነው። በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ሰውየውን ልክ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ ወንድሜ ላይ ያየነው ዓይነት መቃዠት ሊመጣ ይችላል፣ ካልታከመም ይገድላል። ዳያዜፓም ሰጡት፣ የቫይታሚን ቢ1 መርፌ ወጉት፣ 5 ቀን ተኛ።

እኛ ደግሞ ስንት ዓመት «ቆርጠህ ተወው፣ ወንድ አይደለህም እንዴ» ስንለው ኖረናል። ቆርጦ ተወው፣ ሊሞት ነበር። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው ቤታችሁ ካለ እባካችሁ ብቻውን አያቁም፣ መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ሰው የሚፈራው ስሙን እንደሆነ አውቃለሁ። «አማኑኤል ገባ» ሰፈር ውስጥ ስድብ ነው። ግን አማኑኤል ሆስፒታል ሱስንም የሚያክም የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነው። ሐሜት ይረሳል፣ ሰው ግን ከሞተ አይመለስም።

ከሆስፒታል ሲወጣ ከባዱ ያለፈ መስሎኝ ነበር። እንቁጣጣሽ መጣ።

አጎታችን ቤት ተሰበሰብን። ዶሮው ቀረበ፣ ጠላው ተቀዳ፣ አረቄውም ከመጋረጃ ጀርባ ወጣ። አጎቴ ደግ ሰው ናቸው፣ እኛን ያለ አባት ያሳደጉን እሳቸው ናቸው። ወንድሜ መለኪያውን በመዳፉ ከደነው። «ምነው?» አሉ። «ትቻለሁ» አላቸው። «ለዓመት በዓል እንኳ? በሞቴ!» አሉ። «አፈር ስሆን፣ አንዲት ብቻ፣ ለምርቃቱ!» ጠረጴዛው ሁሉ ተቀላቀለ። አንዱ «ጴንጤ ሆንክ እንዴ?» አለ። ሌላው «ጠላ መጠጥ አይደለም፣ ጠላውን ስጡት» አለ። የወንድሜ እጅ መለኪያው ላይ እንደተደፋ ነው። ጣቶቹ ነጭ ሆነዋል። በመጨረሻ «አንቲባዮቲክ ላይ ነኝ» አለ። ወዲያው ዝም አሉ፣ «እግዜር ይማርህ» አሉት፣ ለስላሳ መጣለት።

መንገድ ላይ ይህን ነበር የማብሰለስለው። መድኃኒት ላይ ነኝ ቢል ይሰማል። ጾም ይዣለሁ ቢል ይሰማል። ስለት አለብኝ ቢልም ይሰማል። «አልጠጣም» ብቻ ሲል ግን ፍቅራችንን የገፋ ይመስለናል። እስኪ ቃሉን አስቡት። በሞቴ ማለት እምቢ ካልከኝ ልሙት ማለት ነው። እምቢ ካላለ የሚሞተው እሱ የሆነ ሰው ፊት ነው ይህን የምንለው።

ሰው ላይ ብቻ አልፈርድም፣ እኔም ብያለሁ። ከአራት ዓመት በፊት በልጄ ክርስትና ቀን ወንድሜ ጥግ ይዞ ሚሪንዳ ሲጠጣ አየሁት። በራሱ ሊሞክር ነበር መሰለኝ፣ አልጠየቅኩትም። ከእኔ የተቀየመ መሰለኝና ቢራ ከፍቼ ወሰድኩለት። «በልጄ ሞት» አልኩት። አየኝ። ተቀበለኝ። እስኪነጋ ጠጣ። የዚያን ቀን ዓይኑን አልረሳውም።

አንድ ነገር ላስረዳ፣ ብዙ ሰው አያምነኝም። «ቢራ ገብስ ነው፣ አረቄውን ነው መተው» ይላሉ። አንድ 330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ቢራ 5 በመቶ አልኮል ካለው ውስጡ 13 ግራም ያህል ንጹህ አልኮል አለ። 40 በመቶ አልኮል ያለው መጠጥ በ40 ሚሊ ሊትር መለኪያ ብትቀዱም የሚወጣው እዚያው አካባቢ ነው። አንጎል ገብስ ነው ማር ነው ብሎ አይጠይቅም። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ አስወጥቶታል፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥም ከልክሏል። ጥሩ አዋጅ ነው። ጠረጴዛችን ላይ የሚነገረውን ማስታወቂያ ግን ማንም አዋጅ አይደርስበትም።

ወጣቶቹ ጋ ደግሞ መልኩ ሌላ ነው። የአክስቴ ልጅ ፈተና ሲደርስ ይቅማል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አንጎልን የሚያነቃቃ ነገር ነው፣ ቅጠሉ ሲደርቅ ኃይሉ ስለሚቀንስ ነው ሁሉም ትኩሱን የሚሻማው። ቅሞ ያነባል። ሲመሽ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል። ያኔ «ጨብሲ» ይመጣል፣ ምርቃናውን የሚሰብር ሁለት ሦስት ድራፍት። ጠዋት ጭንቅላቱ ይከብደዋል፣ ለማንቃት እንደገና ጫት። አንዱ ነዳጅ፣ አንዱ ፍሬን፣ መኪናው መሀል ላይ ያልቃል። «አንተ መጠጥ ትወዳለህ እንዴ?» ብለው «ኧረ አልወድም፣ እንቅልፍ እንዲወስደኝ ነው» አለኝ። 22 ዓመቱ ነው። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ሳህኑን አስቀምጦ ወደ ውጭ ወጣ።

አሁን ሠርግ ሲጠራ ዘግይቶ ይሄዳል፣ በልቶ ይወጣል። ከድሮ ጓደኞቹ የሚደውሉለት ሁለቱ ብቻ ናቸው፣ ሁለቱም ቡና ነው የሚጋብዙት። አንዳንድ ቀን ማታ ማታ ዝም ይላል፣ ያኔ ካልሲ የሚያጥብ ወይም የተበላሸ ሬዲዮ የሚፈታታ ሰው ነው። እጁ ግን ረግቷል። ባለፈው የእኔን ስልክ ቻርጀር ሲጠግን ዝም ብዬ ጣቶቹን ሳይ ቆየሁ።

ገና ላይ አክስታችን ቤት ነበርን። እኔ ከመግባታችን በፊት ሆዴን ፍርሃት ያዘው፣ ጠጅ የማይጠፋበት ቤት ነው። አክስቴ ለሁሉም በብርሌ ቀዳች። ለወንድሜም በብርሌ ቀዳችለት። ልነሳ ስል በዓይኗ ያዘችኝ። ብርዝ ነበር። እንዳይፈላ ብላ በዚያው ጠዋት የበጠበጠችው ማር በውሃ። ማንም አላስተዋለም፣ ማንም አልጠየቀም፣ ምርቃቱ ተመረቀ፣ እሱም እንደ ሰው ሁሉ ብርሌውን አንስቶ ጠጣ። ሲጨርስ አክስቴ ምንም ሳትል መጥታ ሞላችለት።