አራት ቀለም የደረበች ዲቲ

ሐሳቤ የአባቴን አሮጌ ሞተር ሳይክል አስነስቼ ሰፈር ውስጥ ዞር ዞር ማለት ብቻ ነበር። ሻንሲው ላይ፣ አጥንቷ ላይ ማለት ነው፣ እጄን ባላሳርፍ ኖሮ በሁለት ሳምንት እገላገል ነበር።

አባቴ የግብርና ባለሙያ ነበር። ይቺን ያማሃ ዲቲ 125 መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ንብረት በጨረታ ሲሸጥ ነው የገዛት፤ እኔ ገና አልተወለድኩም። ደብረ ብርሃን ዙሪያ ያልረገጠችው ቀበሌ የለም። እሱ ጡረታ ሲወጣ እሷም ጓሮ፣ ቆርቆሮ ስር፣ ጡረታ ወጣች። ዶሮዎቻችን ወንበሯ ላይ እንቁላል መጣል ከጀመሩ ቆይተዋል። አምና "አባዬ፣ ልሥራት እንዴ?" ስለው ቀና ብሎ አየኝና "ከቻልክ" አለ። ይቺ "ከቻልክ" አምስት ወር አስለፋችኝ።

ሞተሩ አላስቸገረም ማለት ይቻላል። 123 ሲሲ፣ ቱ ስትሮክ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ፈትቶ ለመግጠም የማያስጨንቅ ነገር ነው። ፋሻውን፣ ጓርኒሲዮኑንና ካንዴላውን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ ወርጄ አገኘሁ፤ ካርቡራተሩን ፈታትቼ አጠብኩ። ያማሃ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኦቶሉብ እያለ የሚገጥመው የዘይት ፓምፕ አለ፤ ዘይትና ቤንዚን በእጅ ከመቀላቀል የሚያሳርፍ። የእኛዋ ላይ ግን ድሮ አንድ መካኒክ ነቅሎ ጥሎታል። ስለዚህ እየቀላቀልን ነው። ይሁን።

ጣጣው ሻንሲው ነው።

ላዩ ሰማያዊ ነበር። የፋብሪካ ሰማያዊ እንዳይመስላችሁ፤ የግቢያችን በር ሰማያዊ ነው፣ በብሩሽ የተለቀለቀ፣ የብሩሹ ፀጉር ሳይቀር ቀለሙ ውስጥ ደርቆ የቀረ። በካቻቢቴ ጫፍ ቧጨር ባደርገው ከስሩ ቀይ ብቅ አለ። ከቀዩ ስር ግራጫ። ከግራጫው ስር የፋብሪካው ጥቁር። በላዩ አንድ እጅ ጥቁር ደርቤ ልገላገል ነበር ያሰብኩት፤ ይሄን ሳይ ግን እልህ ያዘኝ፣ እስከ ብረቱ ልፍቀው አልኩ።

የብርጭቆ ወረቀት ገዛሁና በደረቁ መፋቅ ጀመርኩ። ይሄ ጅልነት ነው። ሁለት ማታ ለፍቼ ያጸዳሁት ክንዴን አያህልም፣ ስናፈጥ የሚወጣው ግን ሰማያዊ ነው። በኋላ ሳስበው ደነገጥኩ። የድሮ ዘይት ቀለም ውስጥ ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል፤ ድሮ ብረት እንዳይዝግ ይቀባ የነበረው ብርቱካናማው ቀለምማ ራሱ ከሊድ የሚሠራ ነበር። እኛ አገር ቀለም ውስጥ ያለ ሊድ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 90) አይበልጥ የሚል ደንብ የወጣው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው፣ የእኛ በር ደግሞ ከዚያ በፊት ስንቴ ተቀብቷል። አቧራው የሚያርፈው ዶሮዎቹ የሚለቅሙበት መሬት ላይ፣ እንቁላሉን የምንበላው እኛ። አቆምኩ። ከዚያ ወዲህ ወረቀት ካነሳሁ በውሃ እያራስኩ፣ ማስክ አድርጌ፣ ከስር ላስቲክ አንጥፌ ነው። "በእሳት አቃጥለው" ያሉኝም ነበሩ። ጭሱ ከአቧራው ይብሳል፣ አትሞክሩት።

ቀጥሎ ኮስቲክ ሶዳ። ሳሙና የሚሠሩበት ማለት ነው፤ ዘይት ቀለምም ላይ የሚያደርገው ያንኑ ነው፣ ቀለሙ ውስጥ ያለውን ዘይት ሳሙና ያደርገዋል፣ ቀለሙ ልፍስፍስ ብሎ ይለቃል። የላስቲክ በርሜል ውስጥ ውሃ ሞልቼ ሶዳውን በጥቂት በጥቂቱ ጨመርኩ። ሶዳው ውሃው ላይ ነው የሚገባው፤ ገልብጦ ውሃውን ሶዳው ላይ የሚያፈስ ሰው ፈልቶ ፊቱ ላይ ይረጭበታል። መነጽርና ረጅም ጓንት ግዴታ ነው። ሻንሲው ሙሉውን ስለማይገባልኝ አንዴ በአናቱ አንዴ በጅራቱ እየዘቀዘቅኩ አሳደርኩት። ጠዋት ላይ ሰማያዊው፣ ቀዩና ግራጫው እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ነበር የሚላጡት። ያን ቀን ጎረቤት ሁሉ እየጠራሁ አሳየሁ።

ድፍረት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የኋላውን የፍሬን ሽፋን አነሳሁና "አንተም ግባ" ብዬ ጣልኩት። ሽፋኑ አልሙኒየም ነው። ኮስቲክ ሶዳ ብረትን ብዙም አይነካም፣ አልሙኒየምን ግን ይበላል፣ ሲበላም ሃይድሮጂን ያወጣል፣ ሃይድሮጂን ደግሞ ለእሳት የቀረበ ነው። በርሜሉ እንደ ድስት ይንተከተክ ጀመር። በእንጨት ጎትቼ ሳወጣው ሽፋኑ ጠቁሯል፣ ፊቱ ተቦርቡሯል። ሌላ እስካገኝ ምናለሽ ተራ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። አሁን ኪሴ ውስጥ ማግኔት አለ። ማግኔት ያልያዘው ነገር በርሜሉ አጠገብ አይደርስም።

የፋብሪካው ጥቁር ግን ንቅንቅ አላለም። በምድጃ የተጋገረ ቀለም ሶዳ አይበግረውም። ለእሱ ሪሙቨር የሚሉትን ቀለም ማስለቀቂያ ገዛሁ። የሚያቃጥለው ዓይነት ነው፣ ውስጡ ዳይክሎሮሜቴን የሚባል ኬሚካል አለበት፤ ሽታው ብቻ ያዞራል። አሜሪካ ሰው እየሞተበት በ2019 እ.ኤ.አ. ለቤት ተጠቃሚ እንዳይሸጥ ከልክላለች፤ ቤት ውስጥ ዘግቶ መሥራት አይታሰብም፣ ሜዳ ላይ፣ ነፋሱን ከጀርባ አድርጎ ነው። ቀብቼው ስተወው በአሥር ደቂቃ ይደርቅብኝ ነበር። መላውን የነገረኝ አንድ ሽማግሌ ባትላሜራ ነው፦ "ፌስታል ጠቅልልበት፣ ተወው፣ ሻይህን ጠጣ።" ጠቅልዬ፣ ጠጥቼ ስመለስ ጥቁሩ አብጦ ተነስቷል። ጋሼን ቀድሜ ባገኘው ኖሮ ግማሹን ጣሳ ባላባከንኩ። ቀጭኑን የላስቲክ ጓንት ግን በልቶት አለፈ፤ አንጓዬ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያን ቀን ነው።

ማዕዘን ማዕዘኑ የቀረውን ግራይንደር ላይ የሽቦ ብሩሽ ገጥሜ ጨረስኩት። ሽቦው እየተነቀለ ይወረወራል፤ ማታ ሹራቤ ላይ የተሰኩ አራት ሽቦዎች ለቀምኩ። በዚህ ግለት ላይ እያለሁ መሪው የሚገባበት ቱቦ ጋ ደረስኩና ለጥቂት ቆምኩ። የሻንሲ ቁጥሩ እዚያ ነው የተመታው። እሱን ብፍቀው ሊብሬው ላይ ካለው ጋር የሚመሳከር ነገር የለኝም፣ ቦሎ ልለጥፍ ብሄድ ሌባ መባሌ ነው። ቁጥሩን ወረቀት አስደግፌ በእርሳስ አሻሸሁና ቀዳሁት፣ ፎቶ አነሳሁ፣ ፕላስተር ለጠፍኩበት። ያቺን ቦታ በእጅ ብቻ ነው ያጸዳሁት።

ሁሉም ሲራቆት ነው ከእግር ማሳረፊያው በላይ ያለውን ነገር ያየሁት። ቀለሙ ሲነሳ ስቱኮ ቀርቷል። ብረት ላይ ስቱኮ ምን ይሠራል? ቆፈር ሳደርገው ተፈረፈረ፤ ከስሩ ጣት የምታህል ስንጥቅ፣ በላይዋ እንደ ጭቃ የተለጠፈ የድሮ ብየዳ። በዚህ ላይ ነው አባቴ ስንት ዓመት የጋለበው። ሰማያዊው ባይነሳ ኖሮ እኔም እጋልብበት ነበር።

ጠራሁት። መነጽሩን አድርጎ አየ፣ ዙሪያውን ቃኘ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ወንዝ ስሻገር ጥላኝ ነው። ለእናትህ አልተነገራትም፣ ሞተሩን ሽጥ ትለኝ ነበር። አስበየድኩት፣ ደፈንኩት፣ ቀለም ቀባሁበት።"

"የበሩን ቀለም?"

"ቤት ያለው እሱ ነበር።"

በያጁ የድሮውን ብየዳ ግራይንድ አድርጎ አነሳው፤ ስንጥቁ ሁለቱም ጫፍ ላይ ሦስት ሚሊ ቀዳዳ በሳ፣ እንዳይቀጥል፤ ከዚያ እንደ አዲስ በየደው። ቀለም እያለበት ቢሆን ኖሮ ብየዳው ጉድጓድ ጉድጓድ ይሆን ነበር አለኝ።

ከዚህ በኋላ ያለው የእኔ ችኮላ ነው። ቅዳሜ ማታ የተራቆተ ብረት ደጅ አሳደርኩ። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፣ ጤዛው ጠዋት ልብስ ያርሳል። እሑድ ስነሳ ሻንሲው በርበሬ የተነሰነሰበት መስሏል። እንደገና ፋቅኩት። በተፋቀ ቀን፣ በቲነር ተወልውሎ፣ ባዶ እጅ ሳይነካው አንቲራስት፣ የዝገት መከላከያ ቀለም ማለት ነው፣ መቀባት አለበት፤ ነገ የሚባል ነገር የለም።

አንቲራስቱን ቀባሁ። ርካሹን፣ የዘይቱን። ማግሥቱን ኮምፕረሰር ተከራይቼ በላዩ ኒትሮ የሚሉትን ቶሎ የሚደርቅ ጥቁር ቀለም ነፋሁ። ሁለት ደቂቃ አልቆየም፣ ሻንሲው ዓይኔ እያየ ተሸበሸበ፣ እንደ ቀዘቀዘ ወተት ቆዳ። የኒትሮው ቲነር ከስሩ ያለውን የዘይት ቀለም አስነስቶታል። ቀለም የሸጠልኝ ሰው ሁለቱን ከአንድ መደርደሪያ አንስቶ ነው የሰጠኝ፤ እኔም አልጠየቅኩም። ሪሙቨር፣ ፌስታል፣ ሻይ። ሁለተኛው ዙር ላይ ቲነር የማያስነሳውን የስር ቀለም፣ ኢፖክሲ ፕራይመር ገዛሁ፣ ውድ ነው፣ እስኪጠነክር ጠበቅኩ፣ ከዚያ ነፋሁ። ያዘ።

የገጠምኳት ቀን ግቢ ውስጥ አስነሳኋት። ጭሱ ሰፈሩን ሞላው። አባቴ ምንም ሳይል ሻንሲውን በእጁ ዳሰሰ፣ የተበየደችው ቦታ ላይ ጣቱ ቆየ። እናቴ ከማድቤት ወጣች፣ እጇን በነጠላዋ እየጠረገች።

"ያ የተሰበረው ተሠራ?" አለች።

አባቴ እኔን አየ። እኔ አልተናገርኩም፣ እምላለሁ።

"ምኑ?" አላት።

"ሞኝ አደረግከኝ እንዴ? እያነከስክ ገብተህ፣ በሩን ግማሽ ቀብተህ ትተህ ሞተር ስትቀባ ያላየሁ መሰለህ?"