የቅሬው ጤፍ፦ ጎረቤት ተሰባስቦ ከገበሬ ሲገዛ

ደሴ ላይ ጎረቤት ተሰባስቦ እህል በአንድ መኪና እናምጣ ሲል መጀመሪያ የሚወራው ዋጋ ነው። ነገሩ የሚፈርሰው ግን በዋጋ አይደለም፤ በሚዛንና በገንዘብ አሰባሰብ ነው።

ሰው ለማሰባሰብ አዲስ ማኅበር ማቋቋም አያስፈልግም፤ ቅሬው፣ ማለትም የመንደሩ የቀብር እድር፣ አለ። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው። ማን በሰዓቱ እንደሚከፍል፣ ማን ሦስት ጊዜ ካልተለመነ እንደማይከፍል መንደሩ ያውቃል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እዚያው ነው። የቅሬውን ገንዘብ ግን አትንኩ። እሱ የቀብር ገንዘብ ነው፤ ጤፉ መንገድ ላይ እያለ ሰው ቢሞትና ሣጥኑ ባዶ ቢገኝ የሚፈርሰው የእህል ግዢው ብቻ ሳይሆን ቅሬው ነው። የተለየ መዝገብ፣ የተለየ የባንክ ሒሳብ፣ ጥምር ፊርማ ይኑረው። አባሉ ሁሉ መግባትም የለበትም። 20 ቤት ይበቃል፤ ከ40 ካለፈ አንድ ቀን ውሎ ማከፋፈል አያልቅም።

ስንት ይታዘዝ? ለአንድ ሰው በቀን ሩብ ኪሎ ጤፍ ብላችሁ ብትጀምሩ ለአምስት ሰው ቤት በወር 37 ኪሎ ተኩል ይመጣል። 20 ቤት ለሦስት ወር፣ 22 ኩንታል ተኩል። ይህ አይሱዙ አይሞላም፤ ኪራዩ ደግሞ ለሞላውም ለጎደለውም ያው ነው። ስለዚህ ማሽላ፣ ባቄላ ወይም ገብስ ጨምራችሁ ሙሉት። ከዐቢይ ጾም በፊት የሽሮ እህልና ምስር፣ ከረመዳን በፊት ደግሞ የሾርባ እህል የሚፈልገው ሰው ስለሚበዛ ትእዛዙን ከአንድ ወር ቀድሞ መጠየቅ ጥሩ ነው።

ጤፍ ወደ ጃማና ወረኢሉ፣ ማሽላና ማሾ ከኮምቦልቻ በታች ወደ ቃሉ፣ ባቄላና ገብስ ወደ ኩታበርና ደሴ ዙሪያ ደጋው ይፈለጋል። የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። ጊዜው ታኅሣሥና ጥር፣ አውድማው ተወቅቶ ገበሬው ገንዘብ በሚፈልግበት ወቅት ነው፤ ሐምሌ ላይ የሚገዛ የጎተራውን ኪራይም አብሮ ይከፍላል። ከግለሰብ ይልቅ ከመሠረታዊ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማህበር መግዛቱ ይሻላል፣ ደረሰኝ ስላለው። ያለ ደረሰኝ 40 ኩንታል የጫነ መኪና ኬላ ላይ ሊቆም ይችላል፤ ሾፌሩም የቆመበትን ያስከፍላችኋል።

አሁን ወደ ጥራቱ። ሁለት ሰው ይሂድ፣ አንዱ ጤፍ የሚያውቅ እናት ብትሆን ይመረጣል። (ወንዶቹ ቀለም አይተው «ማኛ ነው» ይላሉ፤ ሰርገኛውን ከማኛ የሚለየው እጅ የእናቶች ነው።) ጆንያ ከአፉ አታዩ፤ ከላይ ጥሩ፣ ከታች ገለባና አሸዋ ሊሆን ይችላል። ጫፉ የሾለ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ የናሙና ማውጫ ብረት ካለ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች አውጡ፤ ከሌለ አንድ ሁለቱን አስገልብጡ። ከተለያየ ጆንያ የወጣውን ቀላቅላችሁ አንድ ኪሎ መዝኑና በወንፊት ንፉት። 40 ግራም ቆሻሻ ከወጣ ከኩንታሉ 4 ኪሎ፣ ከ22 ኩንታል 88 ኪሎ ነው፤ የአንድ ኩንታል ዋጋ ሊሞላ ምን ቀረው? ዋጋ የምትከራከሩት ይህን ቁጥር ይዛችሁ ነው።

ለማሽላ፣ ለባቄላና ለበቆሎ እርጥበቱን ፈትሹ። በጣም የደረቀ የጠርሙስ ዕቃ ውስጥ ሩብ ያህል እህልና አንድ ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምሩ፣ ክደኑ፣ ነቅንቁ፣ 10 ወይም 15 ደቂቃ አስቀምጡ። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ከተጣበቀ እህሉ እርጥብ ነው፣ ከ15 በመቶ በላይ። ጨዉ ራሱ እርጥብ ከሆነ ፈተናው ይዋሻል፤ ቀድማችሁ ምጣድ ላይ አድርቁት።

ሚዛኑን ሳትፈትሹ አትጫኑ። ባዶ ጀሪካን መዝኑ፣ ከዚያ አሥር የታሸጉ የሁለት ሊትር ውሃዎች ገልብጡበትና እንደገና መዝኑ፤ ልዩነቱ 20 ኪሎ መሆን አለበት። የጆንያውንም ክብደት ቀንሱ። የላስቲክ ማዳበሪያ ቀላል ነው፤ የቃጫ ጆንያ ግን በ40 ጆንያ ሲባዛ ትርጉም አለው።

ገንዘቡ ከመግዣው ቀን አምስት ቀን በፊት ሙሉ በሙሉ ይግባ። ቴሌብር ይሁን ባንክ፣ ወደ አንድ ሒሳብ። ያልከፈለ አይታዘዝለትም፤ «ሲመጣ እከፍላለሁ» የሚል ካለ ትርፍ ጆንያ ተገዝቶ የሚቀረው በገንዘብ ያዡ ራስ ላይ ነው፤ የዛን ዕለት ደግሞ ሰውየው ቤት የለም። ለኪራይ፣ ለጫኝና አውራጅ፣ ለጉድለት የሚሆነውን በኪሎ አስልታችሁ ከዋጋው ጋር አንድ ላይ ሰብስቡ። ኋላ «ጨምሩ» ማለት ጠብ ነው።

ማከፋፈሉ በኪሎ ይሁን፣ በጆንያ አይሁን። «ኩንታል» የተባለው ጆንያ አንዱ 97፣ አንዱ 102 ሊሆን ይችላል፤ በጆንያ ከታደለ 97 የደረሰው ሰው የሚቀጥለው ዙር አይገባም። አንዱ ይመዝን፣ አንዱ ጮክ ብሎ ይጥራ፣ አንዱ ይጻፍ፤ መዛኙ ድርሻውን መጨረሻ ላይ ይውሰድ። ጉድለት ከመጣ በድርሻ መጠን ለሁሉም ይቀነሳል። ተራው በዕጣ ነው።

ቲማቲምና ሽንኩርት በዚህ ሥርዓት አይመጡም። በየሳምንቱ ይታዘዛሉ፤ ቲማቲም ጥልቅ ሣጥን ውስጥ ከተጫነ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት እስኪወጣ የታችኛው ተጨፍልቋል።

ስለ ማስቀመጥ፦ ጤፍ ቅንጣቱ ትንሽ ስለሆነ ነቀዝ ብዙም አይደፍረውም። ማሽላና ባቄላ ግን ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ቶሎ ይነቅዛሉ፤ ደሴ ብርዱ ነቀዙን ያዘገየዋል፣ የክረምቱ እርጥበት ደግሞ ሻጋታ ያመጣል። ከመሬት በእንጨት ርብራብ ከፍ አድርጉ፣ ከግድግዳው አንድ ክንድ አርቁ። ፒክስ የሚባለው ባለ ሦስት ሽፋን ከረጢት ካገኛችሁ የውስጦቹን ሁለት ላስቲክ አየራቸውን አስወጥታችሁ ለየብቻ ጠምዝዛችሁ እሰሩ። ነቀዙ ውስጥ ያለውን አየር ጨርሶ ይሞታል፤ በየሳምንቱ እየከፈቱ ሩብ ሩብ ማውጣት ግን ለነቀዙ አየር ማቀበል ነው። የአንድ ወር ቀለብ ለብቻ አውጡና ሌላውን አትንኩት። ላስቲኩን አይጥ ከበሳው ዋጋ የለውም። የነቀዝ ኪኒን ሰው በሚተኛበት ቤት አይገባም፤ የሚያወጣው ጋዝ ነቀዝን ብቻ አይገድልም።