የድሬዳዋ ዛፍ አብቧል

ዛሬ ከሥራ ስወጣ ባጃጅ አልያዝኩም። ሰማዩ ደመና ይዟል፣ ነፋስም አለ። በሚያዝያ ድሬ ላይ ነፋስ ማግኘት ሎተሪ ነው፤ እንዴት ባጃጅ ውስጥ ይባክናል?

በከዚራ በኩል ዞርኩ። ቀያዮቹ ዛፎች አብበው መንገዱን አንጥፈውታል። በአማርኛ "የድሬዳዋ ዛፍ" ይባላል፤ የትውልድ አገሩ ግን ማዳጋስካር ነው። መጤው በስማችን ተጠራ! ምን ይደረግ፣ ከተማዋ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ ከመጣ ባቡር ጋር የተወለደች ናት። አያቴም ከሸዋ ነው የመጣው።

ጥግ ላይ ማንጎ የምትሸጥ እናት አለች። "እማማ፣ ስንት ነው?" ስላት "አቦ አንተ፣ መጀመሪያ ቅመስ!" አለችኝ። (አንቱ ብላት ትቆጣለች። ድሬ ነው።) ቀመስኩ። ጭማቂው እስከ ክርኔ ወረደ፣ ነጩ ሸሚዜ አለቀለት። አራት ገዛሁ፣ አንዱን እዚያው ጨረስኩት።

ደቻቱ ወንዝ ጋ ስደርስ አሸዋው ደረቅ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። አንድ ሽማግሌ ወደ ደንገጎ ተራራ አቅጣጫ እያዩ "ላይ ጠቁሯል፣ ውጡ!" ይሏቸዋል። ደቻቱ እንዲህ ነው፤ ከተማው ውስጥ ጠብ ሳይል ጎርፉ ከተራራው ይመጣል። የ1998ቱን ያየ ሰው አይዘናጋም። ልጆቹ እያጉረመረሙ ኳሳቸውን ይዘው ወጡ።

ቤት ስገባ ቆርቆሮው መንጣጣት ጀመረ። ፍራሼን ግቢ አውጥቼ ልተኛ ነበር፣ ቀረ። ማንጎው ግን ሁለት ተርፏል። ሦስተኛው? መንገድ ላይ ነው ያለቀው።