የዝርያውን ቦታ ባዶ ተውኩት

ደሴ ውስጥ ፎቶ ቤት አለኝ። ቀን ቀን የመታወቂያና የፓስፖርት ፎቶ፣ ቅዳሜና እሁድ ሠርግ። ሠርግ በማይኖርበት ጊዜ ደግሞ የእሳት እራት አነሳለሁ። ይሄን የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "ይከፈልበታል?" ብሎ ነው። አይከፈልበትም።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ትንሽ ግራጫ የእሳት እራት ነው። ያገኘኋት የጎፍ ደን ውስጥ ነው፤ ከኮምቦልቻ በላይ፣ የሐበሻ ጥድና ወይራ ተቀላቅለው ከሚበቅሉበት ጥግ። ክንፏ ተዘርግቶ ሁለት ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ስታርፍ እንደ ብዙዎቹ ክንፏን አታጥፍም፤ ግራና ቀኝ ዘርግታ አንሶላው ላይ ልጥፍ ትላለች። በእያንዳንዱ የፊት ክንፏ መሀል አንድ ጥቁር ነጥብ አለ። ከነጥቡ ወዲህና ወዲያ ደብዘዝ ያሉ ጠመዝማዛ መስመሮች ይታያሉ። በቃ። ሌላ የሚያወራላት ነገር የላትም።

ወገኗ፣ ማለትም የሚቀራረቡ ዝርያዎች የሚመደቡበት ቡድን፣ ዩፒቴሲያ ይባላል። እዚህ ድረስ ብዙም አያጣላም፤ አስተራረፏ፣ ረዘም ጠበብ ያለው ክንፏና ያቺ ነጥብ ያሳብቁባታል። መከራው የሚመጣው ዝርያዋን ልወቅ ሲባል ነው። በዚህ ወገን ስም የተሰጣቸው ዝርያዎች በዓለም ላይ ከ1400 ይበልጣሉ። አብዛኞቹ ግራጫ ወይ ቡናማ ናቸው፤ አብዛኞቹም ነጥብ አላቸው። እንግሊዝ አገር ዕድሜ ልካቸውን የእሳት እራት ሲመዘግቡ የኖሩ ሰዎች እንኳ እነዚህን ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ አሉ። አልፈርድባቸውም።

መሣሪያዬ ተራ ነው። ነጭ አንሶላ፣ ሁለት ዛፍ ላይ የታሰረ ገመድ፣ ፓወር ባንክ፣ እና ሱቆች የሐሰት ብር የሚለዩበት ዓይነት ሐምራዊ ብርሃን የሚሰጥ አምፖል። ጨረቃ ያለችበት ሌሊት አይረባም። ደመና ያለው፣ ነፋስ የሌለው፣ ሞቅ ያለ ምሽት ነው የሚፈለገው። መስከረም ላይ ዝናቡ ቆም ሲል እንዲህ ያለ ምሽት አይጠፋም፤ ሞቅ ያለ ስል ግን በጋቢ ነው።

ያን ምሽት የደን ጥበቃው መብራቱን አይተው መጡ። አንሶላውን ዞር ዞር ብለው አዩትና ደስ አላላቸውም።

"አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገር ተምች ይጠራብናል እኮ!"

"አይ ጋሼ፣ እዚሁ አካባቢ ያለውን ነው የሚሰበስበው። ከሩቅ አያመጣም።"

"በቆሎዬ እዚያ ታች ነው ያለው።"

ስጋታቸው እውነት ነው። ተምች የእሳት እራት ልጅ ነው። የአሜሪካ መጤ ተምች በ2009 ዓ.ም. አገራችን ገብቶ በበቆሎ ላይ ያደረሰውን ገበሬ አይረሳውም። የተምቹ እናትም ሌሊት የምትበር ግራጫ ናት፣ መብራትም ይስባታል። ስለዚህ አንሶላው ላይ ያሉትን አንድ በአንድ አሳየኋቸው። ሰውነታቸው ደንደን ያለ፣ ክንፋቸውን እንደ ቤት ክዳን የሚያጥፉት ከተምች ወገን ናቸው። ይቺ ሸንቃጣዋ፣ ተዘርግታ የተለጠፈችው ግን ሌላ ናት። ጎንበስ ብለው በደንብ አዩዋትና "ይቺማ ምን አቅም አላት" አሉ። ከዚያ በኋላ ፍሬ የያዙ ጥዶች የት የት እንዳሉ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ለምን እንደፈለግኩት ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ፎቶው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ሙያዬ ስለሆነ። ፍላሽ ፊት ለፊት ከተተኮሰባት መስመሮቿ ይጠፋሉ፤ ግራጫ ወረቀት ሆና ትወጣለች። ብርሃኑን ከጎን፣ ዝቅ አድርጌ ስሰጣት ነው ክንፏ ላይ ያለው ሁሉ የሚነሳው። የእሳት እራት ስትነኩ ጣታችሁ ላይ የሚቀረው ዱቄት የክንፏ ቅርፊት ነው። መልኳ እሱ ነው። ያረጀችው ቅርፊቷ ስለሚራገፍ መስመሩም ነጥቡም አብሮ ይሄዳል፤ እንዲህ ያለችውን ማንም በመልኳ ሊለያት አይችልም። የኔዋ አዲስ ነበረች። በክንፏ ጠርዝ ዙሪያ ያለው ጸጉር አንድ ጠቆር፣ አንድ ነጣ እያለ ምንም ሳይጎድል ቆሟል። በመስታወት ብርጭቆ ከድኜ ከሥሯም አነሳኋት፤ የኋላ ክንፍና የሆድ መልክ ያስፈልጋል። ሚሊ ሜትር ያለበት ማስመሪያም አጠገቧ አስቀመጥኩ። ያለ ልኬት ፎቶ ቆንጆ ሊሆን ይችላል፤ መረጃ ግን አይሆንም።

ከዚያ አይናቹራሊስት ላይ ጫንኩት፤ ሰዎች ያዩትን እንስሳና ተክል ፎቶ የሚመዘግቡበት መተግበሪያ ነው። መተግበሪያው ሰከንድ አልፈጀበትም፣ ስም ደረደረልኝ። የመጀመሪያው አውሮፓ ውስጥ ጥድ የሚበላ ዝርያ ነው። ያስጎመጃል፤ የኔዋም የተገኘችው ጥድ ሥር ነው። ግን መተግበሪያው የሚያውቀው ያየውን ነው። አውሮፓ በየጓሮው ፎቶ አንሺ አለ፤ ወሎ ላይ ማን አነሳ? ስለዚህ ከሚያውቃቸው ውስጥ የሚመስለውን ያነሳል። እኔ "እሺ" ብዬ ብጫን፣ ሌላ ሰውም መጥቶ ቢስማማ፣ መዝገቡ የተረጋገጠ ተብሎ ተመራማሪዎች ወደሚጠቀሙበት ዓለም አቀፍ ቋት ይገባል። ማሽኑም ነገ ከዚያው ይማራል። ቀጥሎ ወሎ ላይ ተመሳሳይ ግራጫ የሚያነሳ ሰው ያንኑ የተሳሳተ ስም በበለጠ ድፍረት ይነገረዋል። ስለዚህ ወገኗን ጽፌ የዝርያውን ቦታ ባዶ ተውኩት። አንድ ወዳጄ "ታዲያ ምኑን መዘገብከው?" አለኝ። ቦታውን፣ ቀኑን፣ ዛፉን፣ መልኳን። ስሙ በኋላም ይደርሳል፤ ቀኑ ግን ካለፈ አይገኝም።

ቀን ካልኩ አይቀር፣ እኛ አገር ለሚመዘግብ ሰው ትልቁ ወጥመድ እሱ ነው። መስከረም 2017 ብላችሁ ብትጽፉ ውጭ ያለው ሰው ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ይወስደዋል። "ማታ 3 ሰዓት" ስትሉ ደግሞ "3"ን ብቻ አይቶ ሌሊቱ ሊነጋ ሲል ያደርገዋል። ለእሳት እራት ይሄ ቀልድ አይደለም፤ አንዳንዷ በጊዜ ትወጣለች፣ አንዳንዷ ከእኩለ ሌሊት በኋላ። እኔ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን እጽፋለሁ። ቦታም እንደዚሁ ነው። "ደሴ" ብሎ ማለፍ አይበቃም። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያች ቁልቁለት ግን ከፍታው 600 ሜትር ያህል ይወርዳል። ዛፉ ይቀየራል፣ ከዛፉ ጋር የሚኖረውም ይቀየራል። ስለዚህ ከፍታውን ከስልኬ አይቼ እጽፋለሁ።

እርግጠኛ መሆን ለሚፈልግ መንገዱ ይታወቃል። አንደኛው የመራቢያ አካሏን በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። የሆዷ ጫፍ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ተቀቅሎ ይጸዳል፤ በክንፍ የማይለዩት እዚያ ይለያሉ። ለዚያ መግደል ግድ ነው። እኔ አልገደልኳትም። አንድ ናሙና ደንን አይጎዳም የሚሉት ትክክል ናቸው፤ ግን ያገኘኋትን አንዲቷን፣ የማይበት ማይክሮስኮፕ ሳይኖረኝ ማድረቅ ትርፉ ሳጥን መሙላት ነው። ሁለተኛው ዲኤንኤ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. ካናዳዊው ፖል ሄበርትና ባልደረቦቹ ያቀረቡት "ባርኮድ" የሚባል ዘዴ አለ፤ ከአንዲት ዘረ መል (ጂን) ላይ 650 ያህል የዲኤንኤ ፊደል ይነበባል። አንድ እግር ይበቃል። "ታዲያ እግሯን በፖስታ ላከው" ያሉኝ አሉ። አይሆንም። በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የአገሪቱን ጄኔቲክ ሀብት ለመጠቀምና ወደ ውጭ ለመላክ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ሰጪው የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። እግሯ ትንሽ ስለሆነች ሕጉ አያልፋትም። ደግሞም ጥሩ ሕግ ነው።

የቀረኝ መንገድ አባጨጓሬዋ ናት። የዚህ ወገን አባጨጓሬዎች ብዙዎቹ አበባና ፍሬ ይበላሉ፤ አንዳንዶቹም ከአንድ ዓይነት ተክል አይወጡም። (ሃዋይ ላይ ያሉት ጉድ ናቸው፤ ቅርንጫፍ መስለው ቀጥ ብለው ቆመው ዝንብ ይይዛሉ። አባጨጓሬ ዝንብ ሲበላ!) የኔዋ በሐበሻ ጥድ ፍሬ ላይ ካደገች ትልቅ ፍንጭ ነው። ጥበቃው ስላሳዩኝ ዛፎች ያስፈለገኝም ለዚህ ነበር። ዣንጥላ ገልብጦ ከቅርንጫፉ ሥር መያዝ፣ ቅርንጫፉን በዱላ መታ መታ ማድረግ፣ የወደቀውን ማየት። እስካሁን ሸረሪትና የደረቀ ቅጠል ነው የወረደልኝ።

የፈረንጅ ጥድ ሳይሆን የሐበሻው ጥድ ግቢያችሁ ያላችሁ፣ ደሴም ሁኑ ኮምቦልቻ፣ ፍሬ በያዘ ጊዜ ሞክሩልኝ። አባጨጓሬ ከወረደላችሁ ከነቅርንጫፏ በማሰሮ ወይ በብርጭቆ አድርጋችሁ አፉን በሻሽ እሰሩት። ቅርንጫፉን አትጣሉት፤ ምን እንደበላች ሳናውቅ ክንፍ ብታወጣልን ግማሹ መረጃ የለም።